የአንበሳን ዱካ መከተል፦ ከሬኒየር ቫሊ ለሚነሡ ተጓዦች የተዘጋጀ መመሪያ

በሲያትል ደቡብ ምሥራቅ፣ በሬኒየር ቫሊ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲሄዱ፣ ከዘመድ ጥየቃው ጎን ለጎን አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸውን አንበሳ በዱር ለማሳየት ማቀዳቸው የተለመደ ነገር ነው። ይሁንና ብዙው ጉዞ ሳላና ከርከሮ ታይቶ ያበቃል። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ወደ 3,000 የሚጠጋ አንበሳ እንደሚኖር ስለሚገመትና እንስሳቱ መኪና ስለለመዱ፣ ከመንገድ ዳር ተኝተው ማየት ብርቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ግን አንበሳው በትናንሽ መንጋ ተበትኖ የሚኖር፣ ከብት አርቢ ስለሚያሳድደው ሰውን የሚሸሽ፣ ቀኑንም በቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ የሚያሳልፍ እንስሳ በመሆኑ፣ በመስኮት እያዩ በመንዳት ብቻ የሚገኝ አይደለም። እዚያ አንበሳ ከመታየቱ በፊት መነበብ አለበት።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ኮቴ የሚባለው አንድ እግር መሬት ላይ የተወው አንድ ምልክት ሲሆን፣ ዱካ የሚባለው ደግሞ ተከታታይ ኮቴዎች፣ የተረገጠው ሣር፣ የተሰበረው እንጨትና የወደቀው ዓይነ ምድር አንድ ላይ የሚሰጡት የጉዞ መስመር ነው። ኮቴን ከኮቴ መለየት በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል። ከባዱ ሥራ ኮቴው በስንት ሰዓት እንደታተመ ማወቁ ነው፤ የትናንት አንበሳን የሚከተል ሰው ምንም ያህል በትክክል ቢከተል የሚደርሰው ትናንት ወደ ነበረበት ቦታ ነውና። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ የሚያደርሱ ናቸው።

1. ቦታንና ወቅትን መምረጥ

ለጀማሪ የሚስማማው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ በግማሽ ቀን ይደረሳል፣ መሬቱም አቧራማና አሸዋማ በመሆኑ ኮቴን አጥርቶ ይይዛል። ዋናው አውራ ጎዳና ፓርኩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በስተ ደቡብ ሳላና ሚዳቋ የሚግጡበት የኢላላ ሳላ ሜዳ ይገኛል፣ በስተ ሰሜን ደግሞ ዘንባባ የከበባቸው ፍልውሃዎች አሉ። ሜዳው ለዓይን ይመቻል፤ አንበሳ ግን ጥላና መደበቂያ ስለሚወድ የፍልውሃውን አካባቢ መዝለል ስሕተት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከስቶ ነዋሪዎች ከቀዬአቸው እንዲነሡ መደረጉ ስለሚታወስ፣ መንገዶቹ ክፍት መሆናቸውን ከመነሣት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አማራጭ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የሐረና ደን ነው። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ አንበሶቹ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ መኖራቸው ለየት ያደርጋቸዋል። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሪራ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ደኑን ሰንጥቆ ያልፋል። የደኑ ወለል በወደቀ ቅጠል ስለተሸፈነ ኮቴ የሚታየው በመንገዱ ጠርዝና በጅረት ዳር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሐረና ከዓይን ይልቅ የጆሮ ቦታ ነው፣ ለመጀመሪያ ጉዞም አይመከርም። ኦሞ፣ ማጎና ጋምቤላ አንበሳ አላቸው፤ ነገር ግን ርቀታቸው ብዙ ቀን ይጠይቃል፣ የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈውም የቆላ ዝንብ ይበዛባቸዋል።

የጎንደር ተወላጅ የሆነ አንባቢ በቋራ ስላለው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ መጠየቁ አይቀርም። በ2016 እ.ኤ.አ. በዚያ አንበሳ መኖሩ ሰው በሌለበት በራሱ በሚያነሣ ካሜራ ተረጋግጧል። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው የጸጥታ ሁኔታ እስኪሻሻል ድረስ ለቤተሰብ ጉዞ የሚታሰብ አይደለም፤ ስለ ሌሎቹም ቦታዎች ቢሆን የወቅቱን የጸጥታ መረጃ ሳያጣሩ ትኬት አይቁረጡ።

ወቅትን በተመለከተ፣ የሲያትል ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በሐምሌና በነሐሴ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ የሚጓዘው በክረምት ነው። ክረምት ለዱካ አይመችም፤ ሣሩ ያድጋል፣ ውኃ በየቦታው ስለሚገኝ እንስሳቱ ይበተናሉ፣ የሌሊቱን ኮቴም የማለዳው ዝናብ ያጥበዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ግን ውኃ በጥቂት ቦታ ስለሚወሰን ሚዳቋው ወደ ውኃው፣ አንበሳውም ወደ ሚዳቋው ይመጣል። ለገና ወይም ለጥምቀት የሚጓዝ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ከበዓሉ ቀንሶ ለፓርኩ ቢያውል በክረምት ከሚያጠፋው ሳምንት የበለጠ ያገኝበታል። አንድ ሌሊት ብቻ ማደር ገንዘብ መጣል ነው።

2. በሲያትል ዓይንን ማለማመድ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ውጤቱን የሚወስነው ግን እሱ ነው። ስካውቱ፣ ማለትም የፓርኩ የታጠቀ ጠባቂና መንገድ መሪ፣ ኮቴውን ሊያሳይ ይችላል፤ ዓይኑ ያልተለማመደ ተጓዥ ግን የሚያየው አቧራ ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያው አስተማሪ የቤት ድመት ናት። ድመትና አንበሳ ከአንድ ወገን በመሆናቸው የኮቴያቸው ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የድመቷ ወርድ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የአንበሳው ግን ከ10 በላይ መሆኑ ነው። የድመቷን የፊት እግር በእርጥብ አፈር ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉና ይመልከቱት፦ አራት የጣት ምልክቶች፣ ከኋላቸው አንድ ሰፊ የመዳፍ ትራስ፣ በትራሱም የኋላ ጠርዝ ላይ ሦስት ጉብታዎች አሉ፤ የጥፍር ምልክት ግን የለም፣ ድመት ስትራመድ ጥፍሯን ወደ ውስጥ ትሰበስባለችና። ቀጥሎ ወደ ሲዋርድ ፓርክ ይሂዱ። በዋሽንግተን ሐይቅ ውስጥ ገባ ባለው በዚህ መሬት ዳርቻውን የሚዞረው መንገድ አስፋልት ነው፤ ወደ ደኑ የሚገቡት መንገዶች ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ጭቃ ስለሚሆኑ የውሻ ኮቴ ሞልቷቸው ይገኛል። የውሻው ኮቴ ጥፍሩ የሚታይ፣ ሞላላ፣ በጣቶቹና በትራሱ መካከል የኤክስ ምልክት የሚመስል ክፍተት ያለው ነው። ራኩን ደግሞ አምስት ረጃጅም ጣቶች ስላሉት የሕፃን እጅ ይመስላል። ሃምሳ የውሻ ኮቴ የለካና የሣለ ሰው አዋሽ ላይ ጅብን አንበሳ ብሎ አይሳሳትም።

ሁለተኛው ልምምድ በሳፋ ውስጥ የሚደረግ ነው። አንድ ሰፊ ሳፋ በወንፊት በተነፋ አፈርና አሸዋ ይሙሉ፣ ጥቂት ውኃ ያርከፍክፉበት፣ ከቤት ውጭም ያኑሩት። ከዚያ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ መዳፍዎን ተጭነው ከአጠገቡ ሰዓቱን በእንጨት ምልክት ያድርጉ፤ በማግሥቱ ሦስቱን ጎን ለጎን ይመርምሩ። የማታው ምልክት ጠርዝ ስለት አለው፣ የቀትሩ ለዝቧል፣ በጠዋቱ ላይ ግን ከጠርዙ የረገፉ ጥቃቅን ፍርፋሪዎች ወለሉ ላይ ወድቀው ይታያሉ። ይህን ለሁለት ሳምንት የደጋገመ ሰው ሰዓትን በአፈር ላይ ማየት ይጀምራል። ነገር ግን የሲያትል አየር እርጥብ በመሆኑ ምልክቱ ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው፤ በአዋሽ ደረቅ ነፋስ ያው ምልክት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሁለት ቀን መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሲያትል ቅርጽን በትክክል ታስተምራለች፣ ሰዓትን ግን ታዛባለች፤ አዋሽ እንደተደረሰ ያው ልምምድ በካምፑ ደጅ መደገም አለበት።

ሦስተኛው፣ አንበሶችን በሚያኖረው በዉድላንድ ፓርክ መካነ እንስሳት ግማሽ ቀን ማሳለፍ ነው። እዚያ የሚጠናው ፊቱ ሳይሆን አካሄዱ ነው፦ አንበሳ በዝግታ ሲራመድ የኋላ እግሩ የፊቱ በነበረበት ቦታ ወይም ከአጠገቡ እንደሚያርፍ፣ ጭራውን መቼ እንደሚወዘውዝ፣ ጆሮውንም መቼ ወደ ኋላ እንደሚያጥፍ። ኩገር፣ ማለትም የአሜሪካ የተራራ አንበሳ የሚባለው ጎፈር የሌለው ድመት፣ በካስኬድ ተራሮች ስለሚገኝ በረዶ በሚወርድበት ወቅት በስኖኳልሚ ማለፊያ ኮቴ መፈለግም ጥሩ ትምህርት ነው፤ ይሁን እንጂ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በኖርዝ ቤንድ አቅራቢያ ኩገር አንድ ብስክሌት ጋላቢ ስለገደለ፣ ለብቻና ከትንሽ ልጅ ጋር አይሞከርም።

3. ዕቃ ማሰናዳት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ አጭር ማስመሪያ፣ መስመር ያለው ደብተርና እርሳስ፣ የአቅጣጫ ጠቋሚ ኮምፓስ (የስልኩ ይበቃል)፣ ባትሪ፣ ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ። ልብሱ የአፈር ወይም የሣር ቀለም ይሁን፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ የቆላ ዝንብን ይጠራሉ። አዋሽ ቆላ በመሆኑ የወባ መከላከያን ከመነሣት ከሳምንታት በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ድሮን ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ አቅርቦ ማሳያ መነጽርም በጉምሩክ ጥያቄ ሊያስነሣ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ፣ ካልሆነም ከአስጎብኚው ይከራዩ።

4. ስካውትና መኪና ማስማማት

ያለ ስካውት ዱካ መከተል አይገባም። የመግቢያ ክፍያውና የስካውቱ አበል በፓርኩ ጽሕፈት ቤት በደረሰኝ ይከፈላል፤ በእግር መሄድ የሚቻልበትን ቦታ የሚወስነውም ስካውቱ ነው። ስካውቱን ሲቀጥሩ «አንበሳ ታሳየኛለህ ወይ» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ እንግዳን ላለማስቀየም ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «እንሞክራለን» ነው። የሚሻለው ጥያቄ «በዚህ ሳምንት ኮቴ ያዩት የት ነው፣ በስንት ሰዓት፣ ወደ የትስ ይሄድ ነበር» የሚለው ነው። በዕድሜ የገፋውን ስካውት ወጣቶቹ «ጋሼ» ብለው ቢጠሩት፣ በሪራ በኩል ደግሞ በኦሮምኛ «ኦቦ» ብለው ቢጀምሩ መረጃው ይበዛል። እረኛ ሲገኝም «ሌንጫ» ብሎ መጠየቅ፣ አንበሳ ማለት ነውና፣ ብዙ መንገድ ያስኬዳል።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ስንት ማለዳ አባክኗል። ከሾፌሩ ጋር «በ11 ሰዓት እንነሣ» ሲባል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ማለትም በሲያትል አባባል ከጠዋቱ 5 ሰዓት ማለት ነው። አሜሪካ ያደገ ልጅ ግን ረፋዱን ጠብቆ ይተኛል። ስለዚህ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ በየአልጋው ራስጌ ማኖር ያዋጣል። ጉዞው የሚጀምረው ብርሃን ሳይወጣ ነው፤ ረፋድ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ አንበሳው ጥላ ውስጥ ገብቷል፣ ኮቴውም በቀጥታ የፀሐይ ብርሃን ስለሚመታ ጥላ አጥቶ ይጠፋል።

5. ሌሊቱን ማዳመጥ

አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ያርፋል፤ የሚያገሳው በአብዛኛው ከጨለማ በኋላና ከንጋት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ግሳቱ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ ይችላል። ሲሰማ ከድንኳን አይውጡ፤ ባሉበት ሆነው በኮምፓሱ አቅጣጫውን ይያዙ፣ ሰዓቱንም ይጻፉ። ከጓደኞች መካከል አንዱ በሌላ ድንኳን ወይም በሌላ ማደሪያ ሆኖ የራሱን አቅጣጫ ከያዘ፣ ሁለቱ መስመሮች በካርታ ላይ የሚቋረጡበት ነጥብ የማለዳው መነሻ ይሆናል። በሐረና ግን ገደሉ ድምፅን መልሶ ስለሚያስተጋባ አንድ ግሳት ብቻ ሰምቶ መነሣት ያሳስታል፤ ሦስት ጊዜ ከአንድ አቅጣጫ መሰማቱን ይጠብቁ።

6. ኮቴውን መለየት

ኮቴ የሚታየው ከጎን በሚመጣ ብርሃን ነው። ስለዚህ በማለዳ ሲጓዙ ኮቴው በተመልካቹና በፀሐይ መካከል እንዲሆን ይቁሙ፤ የጣቶቹ ጉድጓድ ጥላ ይይዝና ጎልቶ ይወጣል። ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ማየት ያንኑ ኮቴ ጠፍጣፋ ስለሚያስመስለው፣ ብዙ ጀማሪዎች ረግጠውት ያልፋሉ።

ከዚያ ሳይነኩት ይለኩ። የደረሰ ወንድ አንበሳ የፊት ኮቴ ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የሴቲቱ 10 ወይም 11 ይሆናል። የነብር ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ጣቶቹን የገጠመ የአዋቂ እጅ ይሸፍነዋል፣ የአንበሳው ግን ከእጁ ግራና ቀኝ ይተርፋል። ጅብ በመጠን ወደ ሴቲቱ አንበሳ ይጠጋል፤ የሚለየው ጥፍሩ ስለሚታይና የመዳፉ ትራስ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አንበሳም በጥልቅ ጭቃ ሲንሸራተት ወይም ሲሮጥ ጥፍሩን ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ኮቴ አይፈረድም፣ ቢያንስ አምስት ተከታታይ ኮቴዎች ይታያሉ። ጥርጣሬ ሲኖር ወደ ትራሱ የኋላ ጠርዝ ይመለሱ፤ ሦስቱ ጉብታዎች ካሉ የድመት ወገን ነው።

ሌላው የተለመደ ስሕተት «ግዙፍ አንበሳ» የሚባለው ነው። የኋላ እግር የፊተኛውን ኮቴ በከፊል ደርቦ ሲያርፍ ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ረጅም ኮቴ ይመስላሉ፤ ፎቶውም ወደ ሲያትል ተልኮ መነጋገሪያ ይሆናል። ጣቶቹን መቁጠር ይበቃል፤ ከአራት በላይ ከሆኑ ሁለት እግር ነው። የፊት እግር ከኋላው ሰፊና ክብ ነው። ከመካከለኞቹ ሁለት ጣቶች አንዱ ከሌላው ቀደም ይላል፤ በሰው እጅ ላይ የመሐል ጣት እንደሚረዝመው ሁሉ ያ ጣት በየትኛው ወገን እንዳለ ታይቶ እግሩ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑ ይታወቃል። ግራና ቀኝ ሲለይ ስንት እንስሳት ጎን ለጎን እንደሄዱ መቁጠር ይቻላል፤ ከትልልቆቹ መካከል የድመት የሚያህሉ ትናንሾች ከታዩ ደቦል ያላት እናት ናትና ጉዞው በዚያ ይቆማል።

ፎቶ ሲነሣ ማስመሪያው ከኮቴው ጎን ይሁን። ከጠፋ የአሜሪካ ሩብ ዶላር ሳንቲም ወርዱ 24 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ይተካዋል።

7. የኮቴውን ዕድሜ መገመት

በዚህ ደረጃ ላይ መቸኮል አይገባም። ትኩስ ኮቴ ጠርዙ ስል ነው፣ ከሥር የተገለበጠው አፈር ከዙሪያው ጠቆር ይላል፣ የትራሱ ወለል ልሙጥ ነው። ነፋስ ሲነካው በመጀመሪያ ጠርዙ ይለዝባል፣ ቀጥሎ ቅጠልና ገለባ ይሰበሰብበታል። ነገር ግን ዛፍ ሥር ያለና ሜዳ ላይ ያለ ኮቴ በአንድ ሰዓት ታትመው እኩል አያረጁም፤ በስለቱ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። የሚታመነው በኮቴው ላይ ያለፈ ወይም ኮቴው ያለፈበት ሌላ ነገር ነው፣ የዚያ ነገር ሰዓት ይታወቃልና።

ጤዛ አንዱ ነው። ጤዛው በኮቴው ውስጥ እንደ ዙሪያው ሁሉ ሳይነካ ከተኛ፣ አንበሳው ጤዛው ከመውደቁ በፊት አልፏል፤ ጤዛው በኮቴው ቦታ ከተሰበረ ግን ያለፈው ጤዛው ከወደቀ በኋላ ነው። ነፍሳት ሌላው ናቸው፤ በሌሊት የሚርመሰመሱ ጥንዚዛዎች በኮቴው ላይ የክር ስፌት የመሰለ መስመር ከተዉ ኮቴው ሌሊቱ ሳያልቅ ነበር ማለት ነው። ጅግራና ቆቅ ከነጋ በኋላ ስለሚወርዱ፣ የእነርሱ እግር ከአንበሳው ኮቴ በታች ከተገኘ አንበሳው ቅርብ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓት ግን የራስ መኪና ጎማ ነው። ማታ ከ12 ሰዓት በፊት ወደ ካምፕ ሲመለሱ በየትኛው መንገድ በስንት ሰዓት እንዳለፉ በደብተሩ ይጻፉ። ማለዳ በዚያው መንገድ ሲመለሱ የጎማው ሽንሽን በአንበሳ መዳፍ ተጨፍልቆ፣ ሦስቱ ጉብታዎች በጎማው መስመር መካከል ገብተው ከታዩ፣ ያ ኮቴ በእርግጥ ከትናንት ማታ ወዲህ ነው፤ ክርክር የለውም። በተቃራኒው ጎማው ኮቴውን ከረገጠው የቀን ብርሃን ሳለ ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ነው፣ ይተዉት። በሌሎች አገሮች ያሉ ዱካ ፈላጊዎች ማታ ከመኪናው ኋላ ቅርንጫፍ ጎትተው መንገዱን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ያጸዳሉ፤ ስካውቱ ከፈቀደ ይህም ይደረጋል።

8. ዱካውን መከተል

ኮቴው ትኩስ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከኮቴ ወደ ኮቴ እያጎነበሱ መሄድ አያስፈልግም። አንበሳ መንገድ ማሳጠር ይወዳል፤ የመኪና መንገድ፣ የደረቀ የወንዝ አሸዋና የከብት መሄጃ ይከተላል። ስለዚህ አቅጣጫውን ከያዙ በኋላ በመኪና ወደ ቀጣዩ መሻገሪያ ቀድመው ይሂዱና ኮቴው እዚያ መድረስ አለመድረሱን ይመልከቱ። ከደረሰ እንደገና ይቅደሙ፤ ካልደረሰ አንበሳው በሁለቱ መሻገሪያዎች መካከል ቀርቷል ማለት ነው፣ ፍለጋውም ከሰፊ ሜዳ ወደ አንድ ቁጥቋጦ ይጠባል። ኮቴው ሲጠፋ ከመጨረሻው ምልክት ላይ ድንጋይ ያኑሩ፤ ይህን ሳያደርጉ ወደ ፊት መሮጥ ያለውንም ማጣት ነው።

በዚህ ጊዜ ዓይን ከመሬት ተነሥቶ ወደ ዙሪያውም ማየት አለበት። ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደ አንድ ወገን እያየ ሲጮኽ፣ ሳላዎች በሙሉ ጭንቅላታቸውን አንሥተው ወደ አንድ ቁጥቋጦ ሲያፈጡ፣ ጥንብ አንሣዎች ከሰማይ በቀጥታ ወርደው ዛፍ ላይ ብቻ ሲቀመጡ ምልክት ነው። የመጨረሻው በተለይ ይጤናል፦ ጥንብ አንሣው መሬት ከወረደ ሥጋው ባለቤት የለውም፣ ዛፍ ላይ ከቆየ ግን ባለቤቱ አልሄደም። የአንበሳ ዓይነ ምድር ሥጋና ደም በብዛት ከበላ ጥቁር ነው፣ አጥንት ከበላ ይነጣል፣ ጠጉርም ይታይበታል፤ የበሽታ ተሕዋስያን ስለሚኖሩበት በእጅ አይነካም።

በአፋር ቆላ የተንሰራፋው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ መጤ ዛፍ ዱካውን ከዋጠው ግን ይመለሱ። በዚያ ውስጥ የአንድ ክንድ ርቀት እንኳ አይታይም፤ የተኛ አንበሳን ከእንቅልፉ መቀስቀስም ከዱካ ንባብ ውጭ የሆነ ነገር ነው።

9. አንበሳው ሲገኝ

አንበሳ መኪናን ከነተሳፋሪዎቹ እንደ አንድ አካል ያያል፤ በር ሲከፈት ወይም ሰው በጣራ ሲቆም ያ ቅርጽ ይፈርሳል። ስለዚህ ከመኪና አይውረዱ፣ ከ30 ሜትር አይቅረቡ፣ ሊሄድበት የፈለገውንም መንገድ አይዝጉ። ጭራው በፍጥነት መወዛወዝና ጆሮው መታጠፍ ሲጀምር ቆይታው አብቅቷል፤ ሾፌሩ በዝግታ ወደ ኋላ ይመለስ። በስካውት ፈቃድ በእግር ሳሉ ድንገት ከተገናኙ መሮጥ የለም፦ አንበሳ በአጭር ርቀት በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ መሸሽ አያዋጣም፣ ከዚያም በላይ የሚሮጥ ነገር ማሳደድን ይቀሰቅስበታል። ሰዎቹ ተጠጋግተው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ስካውቱ እንዳዘዘ እርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ ልጆች በመካከል ይሆናሉ።

ፎቶው ከተነሣ በኋላ ያለው ጥንቃቄም የሥራው አካል ነው። በአዋሽ ዙሪያ የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብት ያሰማራሉ፤ ጥጃ የተበላበት ሰው አንበሳው የት እንደሚያድር በቴሌግራም ከሲያትል ቢደርሰው ወደዚያ መሄዱ አይገርምም። ስለዚህ ፎቶውን ከመላክ በፊት ስልኩ በራሱ የሚመዘግበውን የቦታ መረጃ ያጥፉ፣ የቦታውንም ስም አይጻፉ። በደብተሩ ያለው ገጽ፣ ማለትም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የኮቴው ወርድና አቅጣጫው፣ ማስመሪያው የሚታይበትም ፎቶ፣ ከመውጣት በፊት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል፤ አንበሳው ራሱ ሳይታይ ኮቴው ብቻ የተገኘ ቢሆንም።